ዓይኑ ዓ

ቢቸና ነው። መሬት ቢሮ። የኋላው ክፍል።
አንድ አሮጌ ኮምፒውተር፣ ድምፁ ወፍጮ የሚመስል።
የሠላሳ ቀበሌ መሬት፣ ቃዳው፣ ጥማዱ፣ ወሰኑ፣
በአንድ ፋይል ታጭቆ ተኝቷል፤ ሰባት ዓመት ሆኖታል ካልተነካ ጎኑ።
እኔ በሐምሌ ተቀጠርሁ፣ ቀስቅሰህ አስነብበው ተብዬ፣
ጃንጥላዬን ከወንበሩ፣ ጭቃ ጫማዬን ከበሩ ጥዬ።

ጎተራ ሙሉ እህል በአንድ ሸክም አይወጣም፤
ሁሉን ባንዴ ልዋጥ ያለ ማሽን፣ ትን ብሎት ቃል አያወጣም።
ስለዚህ ቁና አበጀሁ፦
አራት ሺህ ዘጠና ስድስት ባይት፣ ከዚያ አንዲት ፍሬ የማይበልጥ።
ዘግኖ መስፈር፣ ገልብጦ ማፍሰስ፣ ደግሞ መዝገን፣ እስኪሟጠጥ።

ሠራ። ስሞቹ ወረዱ በተርታ፦
አንማው፣ ድንቅነህ፣ ሙጨ፣ የሻለም፤ አታሚውም አላመነታ።
እኔም ወርጄ ሻይ ጠጣሁ፣ ሥራ እንደጨረሰ ጌታ።

በማግስቱ አንዲት ሴት መጣች፣ ከየትመን፣ ለሦስተኛ ጊዜዋ፣
ቀሚሷ እስከ ጉልበት ርሷል፤
ደረቅ የነበረ አረንጓዴው ደብተር ብቻ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከጉያዋ።
«ጥሩዓለም ይርዳው» አለች። ከዝርዝሩ ፈለግን። የተገኘው፦
«ጥሩ»፣ ቀጥሎ ሦስት የጥያቄ ምልክት፣ ቀጥሎ «ለም»።
«ጥሩ ለም!» አለ ይትባረክ ጸሐፊው፣ «ይኼ መሬቱ ነው እንጂ ሰው አይደለም!»
እሷ አልሳቀችም።
«ለሙንማ የባሌ ወንድም ወሰን ገፍቶ አርሶታል፤
እናንተ ደግሞ ከስሜ መሃል አረሳችሁ። ምን ተርፎኛል?»

ያን ምሽት መብራት ሄዶ መጣ፣ ደግሞ ሄደ።
ፋይሉን በጽሑፍ ሳይሆን በጥሬው ከፈትሁት፣ ቁጥሩን ሳያቆላምጥ እንዲናገር፣
በእስክሪብቶ ከደብተር ላይ፣ አንድ በአንድ፣ ያለ ችኮላ ልቆጥር።
የእኛ ፊደል ለማሽኑ አንድ አይደለም፤ ሦስት ባይት ነው ያንዱ ክብደት።
ሀም «ሁለት መቶ ሃያ አምስት» ብሎ ይጀምራል፣ ፐም እንደዚያው፤
ማን መሆኑ የሚታወቀው ከኋላ በሚከተሉት ነው።
ዓይኑ ዓ፦ ሁለት መቶ ሃያ አምስት፣ መቶ ሠላሳ ዘጠኝ፣ መቶ አርባ ሰባት።
ቁናዬ ግን ለሦስት አይካፈልም፤ አንድ ይተርፋል፤ ጉዱ ያቺ አንድ ናት።
ራሱ በዚህኛው ቁና፣ ወገቡና እግሩ በሚቀጥለው፤
እኔ ሞኙ ነኝ እያንዳንዱን ለብቻው ሙሉ ነው ብዬ የማነበው።

መላው፦ ከጫፍ የቀረውን ጎደሎ በእፍኝ ይዞ መቆየት፣
ከሚመጣው ቁና ፊት አስቀድሞ፣ ሦስቱን ማገናኘት።

ሌላም ጉድ ነበር ከመዝገቡ እግር፦ ሟቹ ሙጨ ደመላሽ፣
ሁለቴ ተጽፎ፣ በቃዳው ላይ ቃዳ ደርቦ፣ ከመቃብር ተመላሽ።
የማሽን ቁና ሲገለብጡት አይራገፍም።
የመጨረሻው ስፍር ደግሞ አይሞላም፤ ሩቡን ይደርስ ይሆናል፤
ከሥሩ የቀድሞው እህል እንዳለ ይቆያል፤
ስንት ገባ ብሎ ያልጠየቀ፣ ትናንትን ዛሬ ብሎ ይሰፍራል።
እኔም አልጠየቅሁም ነበር። ሁልጊዜ ሞልቷል ብዬ ነበር።

ዓርብ ተመለሰች። አታሚው ስሟን ከዳር እስከ ዳር አወጣው።
ይትባረክ አልቀለደም። እሷ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠጋችው፣
በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የቆጠረችውን ፊደል በጥፍሯ እየተከተለች፦
ጥ፣
ሩ፣
እዚያ ቆመች።
«ዓይኑ ዓ ነው?»
«ዓይኑ ዓ ነው» አልኋት።
«አባቴ ሲያስጽፈኝ እንዲያ ነው ያለ። በአልፋው አይደለም።»

ደብተሯን በላስቲኩ ጠቀለለች። ዝናቡ አላባራም።
የባሏ ወንድም ጉዳይ ሌላ ቢሮ ነው፤ ደረጃውን ወጥቶ፣ በስተግራ።
ስትወጣ ሰማኋት፣ ስሟን ለራሷ፣ በአንድ ትንፋሽ ስትጠራ።